ቅኔ ቤት ለትያትር ደጀን እንደ ሆነ

ደጀን የሚባለው ቃል በጦር ሰልፍ ዘንድ ፊት ሆኖ ከሚዋጋው ጭፍራ በስተኋላ ቆሞ የሚያጸናውን ኀይል ያመለክታል። በጎጃም ምድር በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለችውም ከተማ በዚሁ ስም ትጠራለች። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደጋውን ጨርሶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ከእርስዋ ዘንድ ነው። ከጎጃም ወደ ሸዋ ዓባይን የተሻገረው እህልና ከብት ብቻ አይደለም፤ ከቅኔ ቤት የወጣ ዕውቀትም ተሻግሯል። ከዚህም ዕውቀት አንዱ ክፍል፥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው፥ በትያትር መድረክ ላይ ይገኛል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበብ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ስም ተሰይሟል። ደቀ መዛሙርቱ ትያትር እየመረጡና ቃሉን እያጠኑ ለሕዝብ ያሳያሉ። ለሚመጣው ወራት የሚታየውን በሚመርጡበት ጊዜ ግን የትምህርት ቤታቸው ስም ከወዴት እንደ መጣ ሊያስታውሱ ይገባል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ሰው ነበሩ፤ ያደጉበትም ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፥ ይልቁንም ቅኔ ነበረ። ቀኝ ጌታ የሚለውም ስም የመድረክ ማዕርግ አይደለም፤ በማሕሌት ጊዜ በቀኝ በኩል የሚቆሙትን መዘምራን ለሚመራ ሊቅ የሚሰጥ ማዕርግ ነው። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው የትያትር ቤት በደጁ ላይ የማሕሌትን ማዕርግ ጽፎ ይኖራል ማለት ነው።

የአገራችን ትያትር ታሪክ ግን ከዮፍታሔ አይጀምርም። በሩስያ አገር የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፥ በ1913 ዓ.ም. ገደማ የአውሬዎችን ተረት በጨዋታ መልክ ጽፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። በአውሬ አንደበት የሹማምንት ሥራ ተነቅፎበታል ስለ ተባለ፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ትያትሩ ተከለከለ። ስለዚህ ትያትር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከውጭ አገር በተማረ ሰው እጅ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ከውጭ የመጣውን ዘር በአገር መሬት ላይ ካበቀሉት መካከል ግን ከቅኔ ቤት የወጡ ሰዎች ይገኛሉ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ አስተማሪ ሆነው ትያትር እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን አጫወቱ። በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁም፥ በልቦለድ መጽሐፋቸው ከመታወቃቸው አስቀድሞ፥ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የሚባል ትያትር ጽፈዋል።

ቅኔ ቤት ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው በምን ምክንያት ነው ቢሉ፥ ነገሩ ግልጥ ነው። የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነውና ዕለት ዕለት አዲስ ይቈጥራል። የቈጠረውንም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት በቃሉ ይነግራል፤ እነርሱም ያርሙታል። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፥ መወድስ በስምንት ቤት ስለሚፈጸም፥ ሐሳቡን በልክ መቍረጥ ይማራል። ከሁሉ በላይ ግን ሰምና ወርቅን ይለምዳል፤ ሰሙን ለጆሮ ሰጥቶ ወርቁን ለልብ ያስቀምጣል። የቀኝ ጌታ ዮፍታሔን «አፋጀሽኝ» የሚባለውን ትያትር ለምሳሌ እንመልከት። አርእስቱ ለሴት የተነገረ የምሬት ቃል ነው፤ ሰሙን የሚሰማ ሴትን ያስባል፥ ወርቁን የሚፈታ ግን ልጆችዋ ስለ እርስዋ የተፋጁባትን አገር ያገኛል። በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ሱዳን የተሰደዱ ሰው የአገራቸውን መከራ በአንዲት ግሥ ውስጥ መክተት የቻሉት በዚህ ሙያ ነው።

ከካህናት ወገን ግን ትያትር የዓለም ጨዋታ ነውና ለቤተ ክርስቲያን ልጅ አይገባም የሚሉ አሉ። ምስክርም አያጡም፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ399 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የቍስጥንጥንያ ሕዝብ በስቅለት ዕለት ወደ ፈረስ እሽቅድምድም፥ በማግሥቱም ወደ ትያትር ስለ ሮጠ ክፉኛ ዘልፎታል። ተግሣጹ እውነት ነው። ነገር ግን የዘለፈው ጾምንና ጸሎትን ያስተወውን፥ ዝሙትን ያስተማረውን የዚያን ዘመን ትርኢት እንጂ በምሳሌ ማስተማርን አይደለም። በምዕራብ አገር በ10ኛው መቶ ዓመት በትንሣኤ ሌሊት መነኮሳት የመልአኩንና ወደ መቃብር የመጡትን ሴቶች ንግግር ተካፍለው ያዜሙ ነበር፤ የአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ትያትር ታሪክ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በእኛም ዘንድ በሆሣዕና ካህናት ከደጀ ሰላም በደረሱ ጊዜ፥ በውጭ ያለው በሩ እንዲከፈት ያዛል፥ በውስጥ ያለው የመጣውን ማንነት ይጠይቃል። ይህ ሥርዓተ አምልኮ ነው እንጂ ትያትር አይደለም፤ ሁለቱንም ማደባለቅ አይገባም። ቢሆንም ጥያቄና መልስ፥ ቀኝና ግራ፥ ዝማሜና ከበሮ ለለመደ ሕዝብ መድረክ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንበት እንደማይችል ያስረዳል።

ከዮፍታሔ በኋላ መድረኩ ሰፋ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ትያትር ቤት፥ ኋላ ብሔራዊ የተባለው፥ ተከፈተ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ትያትር በዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ፊተኛው ጭፍራ እንዲህ በዛ። ደጀኑ ግን እንዴት ነው? ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ ኮቸሮ እየለመነ ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ ትያትር ምን እንደ ሆነ የሚነግረው የለም፤ በዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ስለ ትያትር የሚጽፈውም ደቀ መዝሙር ቅኔ ሲነገር ቢሰማ ወርቁን የሚፈታለት ያጣል። ሁለቱ አንድ አባት ሳላቸው እንደ ባዕድ ይተያያሉ። ደጀኑ ሲርቅ በፊት የተሰለፈው ቃል ያጥርበታል፤ ሰም ብቻ ይቀርና ወርቅ ይታጣል።

ስለዚህ ለሚመጣው ወራት ከሚታዩት ትያትሮች መካከል አንዱ ከቀደሙት አባቶች ሥራ ቢሆን፥ ቃሉንም የሚያቃና አንድ የቅኔ መምህር ከጎጃም ቢጠራ መልካም ነው። መምህሩም ጥሪው ሲደርሰው የዓለም ሥራ ነው ብሎ እንቢ አይበል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ወደ መድረክ በወጡ ጊዜ ማዕርጋቸውን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትተው አልሄዱም፤ ይዘውት ሄዱ እንጂ።