የካውንስል ቤት በእንግሊዝ፦ ማን ማመልከት ይችላል? ቅደም ተከተሉስ በምን ይወሰናል?

በእንግሊዝ ከገበያ ዋጋ ባነሰ ኪራይ የሚሰጡ የመኖሪያ ቤቶች በተለምዶ «የካውንስል ቤት» ተብለው ይጠራሉ። የቤቶቹ ባለቤት ካውንስል የሚባለው የአካባቢ አስተዳደር ወይም ለትርፍ ያልተቋቋመ የቤቶች ማኅበር ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለአብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀርበው ለካውንስሉ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በመላው እንግሊዝ በተጠባባቂዎች መዝገብ ላይ የሰፈሩት ቤተሰቦች ቁጥር ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ነበር።

በአገሪቱ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መካከልም ቀላል የማይባሉት ይህንኑ ቤት ይጠባበቃሉ። አሠራሩ ግን ቁጠባና ዕጣ ከሚጠይቀው ከአዲስ አበባው የኮንዶሚኒየም ምዝገባ በእጅጉ ይለያል። ቀድሞ የተመዘገበ ሁሉ ቀድሞ የሚያገኝበት ሰልፍም አይደለም። ወሳኙ ጉዳይ የአመልካቹ ችግር ክብደት፣ ችግሩ በማስረጃ መደገፉና የየካውንስሉ ደንብ ነው። ይህን ሳይረዱ በዝምታ የሚጠብቁ ሰዎች የሚገባቸውን ቅድሚያ ሳያገኙ ዓመታት ሊያልፉባቸው ይችላል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው በእንግሊዝ የሚሠራበት ሥርዓት ሲሆን ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

የሕጉ መሠረት

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቤቶች ሕግ እያንዳንዱ ካውንስል ቤት የሚሰጥበትን ደንብ እንዲያወጣና ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ካውንስሉ ከዚህ ደንብ ውጭ ቤት መስጠት አይችልም። ሕጉ በማናቸውም ደንብ ውስጥ ተገቢ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡ አምስት ወገኖችን ያስቀምጣል፤ እነዚህም፦

• ቤት አልባ የሆኑ ሰዎች፤
• በቤት እጦት ሕግ መሠረት ካውንስሉ የመርዳት ግዴታ ያለበት ወይም ያስጠለላቸው ሰዎች፤
• ለጤና ተስማሚ ባልሆነ፣ በተጨናነቀ ወይም በሌላ ምክንያት ለኑሮ በማይመች ቤት የሚኖሩ፤
• በሕመም፣ በአካል ጉዳት ወይም በደኅንነት ምክንያት መዛወር የሚያስፈልጋቸው፤
• ወደ አንድ የተወሰነ አካባቢ ካልተዛወሩ እነርሱ ወይም ሌሎች ለችግር የሚዳረጉባቸው ሰዎች ናቸው።

ማመልከት የሚችለው ማን ነው?

አመልካቹ ሁለት መስፈርቶችን ማለፍ ይኖርበታል። የመጀመሪያው የመኖሪያ ፈቃድን የሚመለከት ነው። የስደተኝነት ዕውቅና ወይም ሰብአዊ ከለላ የተሰጠው ሰው ማመልከት ይችላል። ገደብ የሌለው የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም፣ ቋሚ ኑሮውን በአገሪቱ ማድረጉን እስካረጋገጠ ድረስ፣ በአብዛኛው ብቁ ነው። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ሰው ግን በዚህ ሥርዓት ቤት አያገኝም። በቪዛው ላይ የመንግሥት ድጎማ እንዳይጠቀም የተከለከለ ሰውም እንዲሁ ነው። የካውንስል ቤት በኢሚግሬሽን ሕግ እንደ መንግሥት ድጎማ ስለሚቆጠር፣ እንዲህ ያለ ክልከላ ያለበት ሰው ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ ባለሙያ ማማከር አለበት።

ሁለተኛው መስፈርት የካውንስሉ የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ካውንስሎች ማን ወደ መዝገቡ መግባት እንደሚችል እንዲወስኑ ሰፊ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ብዙዎቹ በአካባቢው ለተወሰኑ ዓመታት መኖርን ይጠይቃሉ። የገቢና የቁጠባ ጣሪያ የሚያስቀምጡ፣ ውዝፍ የኪራይ ዕዳ ያለበትን የማይቀበሉም አሉ። በአንዱ ካውንስል ያልተፈቀደለት ሰው በሌላው ሊፈቀድለት ስለሚችል፣ ቅጹን ከመሙላት በፊት ደንቡን ማንበብ ይገባል።

ይህ ሥልጣን ግን ገደብ አለው። በምዕራብ ለንደን የሚገኘው የሂሊንግደን ካውንስል አመልካቾች በአካባቢው አሥር ዓመት እንዲኖሩ የሚጠይቅ መስፈርት ነበረው። የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰጠው ውሳኔ፣ መስፈርቱ በተዘዋዋሪ መንገድ የውጭ ዜግነት ባላቸው ሰዎችና በአየርላንድ ተጓዥ ማኅበረሰብ ላይ አድልዎ እንደሚያስከትል፣ ካውንስሉም ለዚህ በቂ ምክንያት እንዳላቀረበ አረጋግጧል። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ካቀረቡት መካከል አንዱ ስደተኛ ነበር።

ማመልከቻና ማስረጃ

ማመልከቻው ክፍያ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ በካውንስሉ ድረ ገጽ ይሞላል፤ በዚህ መንገድ መሙላት ያልቻለ ሰው ካውንስሉ እንዲያግዘው መጠየቅ ይችላል። የእንግሊዝኛ ችሎታው ያልዳበረ አመልካች ልጁን ከማስተርጎም ይልቅ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ቢጠይቅ ይመረጣል።

ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት ሰነዶች የማንነትና የመኖሪያ ፈቃድ ማረጋገጫ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያለፉት ዓመታት አድራሻ ማስረጃ፣ የኪራይ ውልና የገቢ መግለጫ ናቸው። በሕመም ምክንያት ቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው የሕመሙን ስም ብቻ የያዘ የሐኪም ወረቀት ማቅረቡ አይበቃውም። ካውንስሉ የሚመዝነው ቤቱ ሕመሙን እንዴት እንደሚያባብሰው ነው። ለምሳሌ የጉልበት ሕመም ያለባት እናት አሳንሰር በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ከሆነ፣ ደረጃ መውጣት እንደማትችልና በዚህም ምክንያት ከቤት ለመውጣት እንደምትቸገር ሐኪሙ ቢገልጽ ማመልከቻዋ ይጠናከራል።

እያወቁ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ወይም የተጠየቀውን መደበቅ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በዚህ መንገድ የተገኘ ቤትም ሊነጠቅ ይችላል።

ደረጃና ቀን

አብዛኞቹ ካውንስሎች አመልካቾችን «ባንድ» በሚባሉ የቅድሚያ ደረጃዎች ይመድባሉ፤ ነጥብ የሚሰጡም አሉ። በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚበላለጡት ወደ ደረጃው በገቡበት ቀን ወይም በተመዘገቡበት ቀን ነው። ስለዚህ በዝቅተኛው ደረጃ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው፣ ትናንት ከፍ ባለ ደረጃ በተመደበ ቤተሰብ ሊቀደም ይችላል።

በዚህ ምክንያት የኑሮ ለውጥን ሳይዘገዩ ማሳወቅ ወሳኝ ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ሕመም ሲብስ፣ ወይም አከራይ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ሲሰጥ ለካውንስሉ በጽሑፍ ሊነገር ይገባል። በብዙ ካውንስሎች የአዲሱ ደረጃ ቀን የሚቆጠረው ችግሩ ከጀመረበት ዕለት ሳይሆን ካውንስሉ ከተነገረው ወይም ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው። ምዝገባው እንዲታደስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲደርስ መልስ አለመስጠትም ከመዝገብ ሊያሰርዝ ይችላል።

«ቢዲንግ» ጨረታ አይደለም

ብዙ ካውንስሎች ክፍት ቤቶችን በየጊዜው በድረ ገጽ ያስተዋውቃሉ። አመልካቹ የሚፈልገውን ቤት ይመርጣል፤ ይህም «ቢዲንግ» ይባላል። አሠራሩ የተወሰደው ከኔዘርላንድሷ የዴልፍት ከተማ ነው። ስሙ ጨረታን ቢያስታውስም ገንዘብ አይጠራበትም። ቤቱ የሚሰጠው ፍላጎታቸውን ካሳወቁት መካከል በደረጃና በቀን ለሚቀድመው ነው።

ካውንስሎች ቀደም ሲል የተሰጡ ቤቶች በየትኛው ደረጃና ቀን ላይ ለነበሩ አመልካቾች እንደደረሱ ይገልጻሉ። ይህን ዝርዝር መከታተል በየትኛው ሠፈርና በምን ዓይነት ቤት የተሻለ ዕድል እንዳለ ያሳያል። የመኝታ ክፍል ብዛት የሚወሰነው በቤተሰቡ አባላት ብዛት፣ ዕድሜና ጾታ ነው። ኪራዩንም አስቀድሞ ማየት ያሻል፤ አንዳንዶቹ ቤቶች እስከ ገበያው 80 በመቶ በሚደርስ ዋጋ ይከራያሉ።

ከቤት የመውጣት አደጋ ሲኖር

የቤት እጦት እርዳታ ከመዝገቡ የተለየ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው መቅረብ አለበት። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት፣ በ56 ቀናት ውስጥ ቤት አልባ ሊሆን የሚችል ብቁ ሰው ቤቱን እንዳያጣ ካውንስሉ የመርዳትና የጽሑፍ ዕቅድ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ዕቃ ተጭኖ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

የስደተኝነት ዕውቅና ያገኘ ሰውም ከጥገኝነት ጠያቂዎች መኖሪያ እንዲወጣ ደብዳቤ እንደደረሰው ወደ ካውንስሉ መሄድ ይኖርበታል። በመጨረሻ በዚህ ሥርዓት የተመደበበት ቦታ፣ ለቤት እጦት እርዳታ ሲባል በአብዛኛው ከአካባቢው ጋር ትስስር እንዳለው ያስቆጥርለታል።

ውሳኔን መቃወም

ካውንስሉ አመልካቹ ወደ መዝገቡ መግባት አይችልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ አመልካቹም ውሳኔው እንደገና እንዲታይ የመጠየቅ መብት አለው። በቤት እጦት ውሳኔዎች ላይ የተፈቀደው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ነው።

በቤት እጦት እርዳታ የቀረበ የመጨረሻ ቤት የማይስማማ መስሎ ሲታይ ወዲያው እምቢ ማለት አደገኛ ነው። ካውንስሉ ቤቱ ተስማሚ ነበር ካለ ግዴታው ሊያበቃ ይችላል። ሕጉ ቤቱን ተቀብሎ በዚያው ጊዜ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅን ይፈቅዳል።

ከካውንስሉ ቅሬታ ሰሚ መፍትሔ ያላገኘ ሰው ያለክፍያ ወደ አካባቢ አስተዳደር እንባ ጠባቂ ሊያመለክት ይችላል። ሲቲዝንስ አድቫይስና ሼልተር የተባሉት ድርጅቶችም ነፃ ምክር ይሰጣሉ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የተላኩና የደረሱ ደብዳቤዎችን ቅጂ ከነቀናቸው ማስቀመጥ ነው።

ሁሉንም በአግባቡ የፈጸመ አመልካችም፣ በተለይ በለንደን፣ ለዓመታት ሊጠብቅ ይችላል፤ ቅድሚያ የሚያሰጥ ችግር የሌለበት ሰው ጭራሽ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ እያሉ ሌሎች የኪራይ አማራጮችን መፈለግም ያስፈልጋል። የቤቶቹ ቁጥር በአመልካቹ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ ችግሩ በመዝገቡ ላይ በትክክል መስፈሩ ግን በአብዛኛው በእርሱ እጅ ነው።