የእንግሊዝ ከተሞች ስም አጠራርና በአማርኛ አጻጻፋቸው

በአማርኛ ጋዜጦች የስፖርት ዓምድ ላይ «ሌስተር» እና «ኖርዊች» ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ከአገሬው ሰው አንደበት በጆሮ የተቀዳ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከላቲን ፊደል በዐይን የተገለበጠ ነው፤ የከተማይቱ ሰዎች «ኖሪች» ወይም «ኖሪጅ» ይላሉና። የዚህን ልዩነት ምንጭ ለመረዳት የስሞቹን ታሪክ መመልከት ይገባል።

የጦር ሰፈር ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ካስትራ» የተወረሰ ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ የብዙ ጥምር ስሞች ሁለተኛ አባል ሆኗል። ይኸው ቃል ዛሬ በማንቸስተር «ቸስተር»፣ በላንካስተር «ካስተር» ሲሆን፣ በሌስተር፣ በግሎስተርና በዉስተር ግን «ስተር» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በነዚህ ስሞች አጽንዖቱ በመጀመሪያው ቀለም ላይ ስለሚያርፍ የኋለኞቹ ቀለሞች በዘመናት ብዛት እየደከሙ ወደቁ። በኖሪች የ«ወ» ድምፅ የጠፋውም እንዲሁ ነው።

ጽሕፈቱ ግን ንግግሩን አልተከተለም። እ.ኤ.አ. ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በኋላ በላቲንና በፈረንሳይኛ የሠለጠኑ ጸሐፍት ስሞቹን በራሳቸው ልማድ መዘገቧቸው። በ1476 ዊልያም ካክስተን ማተሚያ ካቋቋመ በኋላም አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ።

ታዲያ ለአጠራሩ ደንብ ማውጣት ይቻላልን? አይቻልም። በአጎራባቹ አውራጃ የሚገኘው ኢፕስዊች ከኖሪች ጋር አንድ ዓይነት ሁለተኛ አባል እያለው «ወ»ን እንደ ያዘ ነው። ቀድሞ «ሲሲተር» ይባል የነበረው ከተማ ደግሞ ጽሕፈቱ አሸንፎ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ «ሳይረንሴስተር» ይባላል። የብሪታንያ ማሠራጫ ድርጅትም በ1926 ስለ አነጋገር የሚመክር ኮሚቴ ያቋቋመውና በ1930 የእንግሊዝን የቦታ ስሞች አጠራር የሚያመለክት ዝርዝር ያሳተመው፣ እንግሊዛዊው አንባቢ ራሱ በፊደሉ መመራት ስላልቻለ ነው።

ለኛ ችግሩ ከዚህ ይከፋል። ፊደላችን ተጽፎ የማይነበብ ሆሄ ስለሌለው፣ አንድ ተርጓሚ በዐይኑ የገለበጠው ስሕተት በሁሉ አፍ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አዲስ የሚገቡ ስሞች በነዋሪዎቹ የዛሬ አጠራር ይጻፉ። እንደ «ግሪንዊች» ያሉ በመማሪያ መጻሕፍት የሰረጹት ግን በመዝገበ ቃላት በለመዱት መልክ ይቀመጡና የአገሬው አጠራር፣ «ግሬኒች»፣ በአጠገባቸው ይመልከት። የለመደውን መሻር አንባቢን ማደናገር ነው፤ ሳያጣሩ መጨመር ግን ዕዳ ማቆየት ነው።