በቅኔ ቤት የተማሪ ድርሰት እርማት

ሕፃን የደረሰውን ነገር ራሱ መርምሮ እንዲያርም ማስተማር ከደብተርና ከቀለም ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ ዘዴ መስሎ ይታያል። ለዚህ አሳብ መነሻው ግልጽ ነው፤ በጥንቱ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ሕፃን ያነባል እንጂ አይጽፍም ነበርና። ይሁን እንጂ እርማት የግድ ከጽሕፈት ጋር የተሳሰረ እንዳልሆነ የቅኔ ቤት ሥርዐት ያስረዳል። በዚያ ቤት ተማሪው አንድ ቃል እንኳ በብራና ሳያሰፍር ይደርሳል፤ የደረሰውን ያፈርሳል፤ ያፈረሰውንም መልሶ ያቀናል። ይህ ልማድ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ለምን በቀላሉ እንዳልቀጠለ ለመረዳት መጀመሪያ አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል።

ተማሪው ወደ ቅኔ ከመግባቱ በፊት የሚያልፈው በንባብ ቤት ነው። ከፊደል ገበታ ተነሥቶ አቡጊዳን፣ ቀጥሎ የዮሐንስን መልእክት፣ በመጨረሻም ዳዊትን እስኪፈጽም ድረስ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። የዚህ ቤት እርማት የድምፅ እርማት ነው። ግእዝ ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉ የንባብ ዐይነቶች ስላሉት፣ ሕፃኑ ወዳቂውን አንሥቶ ወይም ተነሹን ጥሎ ቢያነብ የኔታ ወይም ከእርሱ ከፍ ያለው ተማሪ ወዲያው ያቋርጠዋል። ሕፃኑ የቃሉን ትርጉም ገና አያውቅም። ነገር ግን ጆሮው ይሠለጥናልና፣ ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳያቋርጠው ራሱ ቆሞ ይመለሳል። የቅኔ ቤት እርማት ሁሉ የተሠራው በዚህ ጆሮ ላይ ነው።

ጽሕፈት ግን ራሱን የቻለ የእጅ ጥበብ ነበረ። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ መጻፍን የሚማር ሰው ከጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ይማረው ነበር እንጂ ለሁሉ ተማሪ የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም። ጸሐፊውም ሲሳሳት ቃሉን በቢላዋ ይፍቀዋል፤ የዘለለውንም ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል ያገባዋል። ይህም እርማት ነው። ነገር ግን የሚታረመው ከፊቱ ካለው መጽሐፍ ጋር እየተመሳከረ ስለ ሆነ፣ ትክክሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ገና ያልነበረ ነገር የሚደርስ ሰው የሚያመሳክርበት መጽሐፍ የለውም።

የቅኔ ተማሪ እንዲህ ያለ ሰው ነው። በዋድላም ሆነ በጎንጅ፣ በዋሸራም ሆነ ከእነዚህ በተከፈሉት ጉባኤዎች፣ መምህራኑ በስልትና በአገባብ ቢለያዩም አንድ ሕግ ግን ያስማማቸዋል፤ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ የእኔ ብሎ ማቅረብ ስርቆት ነው። ስለዚህ ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ፣ ባለ ስድስት ቤቱን ሥላሴና ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ እስኪደርስ ድረስ ከራሱ ማፍለቅ ይገደዳል። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ለምኖ ያገኘውን ቀምሶ፣ ቀኑን ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ጥላ ወይም በገደል አፋፍ ተቀምጦ ያሳልፋል። ይህም ቅኔ መቍጠር ይባላል። ውጭ ላለ ተመልካች ሥራ ፈትቶ የተከዘ ሰው ይመስላል።

ተክዞ የሚሠራው ሥራ ግን ከባድ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጀማሪ የመጀመሪያውን ቤት «መጽአ» በሚል ቃል ዘጋ እንበል፤ ሁለተኛውንም በዚያው ፊደል ቤት መትቶ ጨረሰ። ሲመረምረው ግን ባለቤቱ «ንግሥት» ናት፤ ስለዚህ ግሡ «መጽአት» መሆን ነበረበት። ይህን ባስተካከለ ጊዜ የቤቱ መድረሻ ከ«አ» ወደ «ት» ይዛወርና ሁለቱ ቤቶች መግጠማቸው ይቀራል፤ አንድ ፊደል ስለ ተጨመረም ዜማው ከልኩ ያልፋል። ያን ለማቃናት ሁለተኛውን ቤት ቢለውጥ ደግሞ ሰሙ ከወርቁ ይለያያል። አንዱን ስሕተት ማረም ሌላ ስሕተት ይወልዳልና፣ ተማሪው ቅኔውን በሙሉ በአሳቡ ይዞ አንዱን ቃል አውጥቶ ሌላውን እያስገባ ይፈትናል። ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ዐይኑ ያግዘው ነበር፤ አሁን ግን የሚያግዘው ያ በንባብ ቤት የሠለጠነው ጆሮ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ቅኔውን ለመምህሩ ይናገራል። ይህ ጊዜ የሚያስፈራ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ተማሪዎች ቆመው ይሰማሉ። ቅኔው የሚቃና ከሆነ መምህሩ ቃል ለውጦ ወይም ቤት አዛውሮ ያቃናዋል፤ የማይቃና ከሆነም ተማሪው ሄዶ እንደ ገና ይቈጥራል። በዙሪያው የቆሙት የጓደኛቸውን ስሕተት ሰምተው ነገ በራሳቸው ላይ እንዳይደርስ ይጠነቀቃሉ። መምህሩም ለአብነት የሚሆነውን ቅኔ ሲዘርፍላቸው፣ ግሡንና አገባቡን ሲያወርድላቸው፣ የሚሰጣቸው የእርማት መሣሪያ ነው። ሆኖም መምህሩ የሚሰማው ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያፈርስና ሲሠራ ከዋለ በኋላ የተረፈውን ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ከእርማቱ የሚበልጠው እጅ ከጉባኤ በፊት፣ ማንም ሳያየው፣ በዛፉ ሥር ተፈጽሟል።

የዚህ ሥርዐት ኀይል በጉልህ የሚታየው በዐይነ ሥውራን መምህራን ነው። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ማየት ሳይችሉ የስንቱን ተማሪ ቅኔ በጆሮ ብቻ አርመዋል። የእማሆይ ገላነሽ ስም ሲነሣ ግን የሥርዐቱ ጉድለት አብሮ ይነሣል፤ በቅኔ ቤት ሴት መምህር ቀርቶ ሴት ተማሪ እንኳ እጅግ ብርቅ ነበረችና። ደግሞም ብዙ ልጆች ረኀብንና ብርድን፣ የውሻ ንክሻንና የመንገድ በሽታን መቋቋም አቅቷቸው ትምህርቱን ከመካከል ተዉት። ጸንተው የቀሩትን ብቻ አይቶ ስለ ዘዴው መልካምነት መመስከር ሚዛን ያጐድላል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በ1925 በተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ የውጭ ቋንቋ ዋና ትምህርት ሆነ። ከ1941 በኋላም እንግሊዝኛ የማስተማሪያነት ቦታ ያዘ። ሕፃኑ አሁን ይጽፋል። የሚጽፈው ግን ጆሮው ባልሠለጠነበት ቋንቋ ስለ ሆነ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጣመምበት የሚያስጠነቅቀው አንዳች ነገር በውስጡ የለም። እርማቱ ሙሉ በሙሉ ወደ መምህሩ ቀይ ቀለም ተሻገረ። ግእዝም ቢሆን ለቅኔ ተማሪ የአፍ መፍቻው አልነበረም የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ተማሪ ገና ከመድረሱ በፊት ያንን ቋንቋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዓመታት አንብቦታል። አዲሱ ተማሪ ይህ አልተፈቀደለትም፤ ቋንቋውን ሳይሰማው ድርሰት ጻፍ ተባለ።

በ1963 አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ በ1994 በወጣው የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲደነገግ፣ ጆሮው ወደ ክፍሉ የሚመለስበት በር ተከፈተ። በብዙ ክፍል ውስጥ ግን ቀይ ቀለሙ እንደ ነበረ ቀረ። የአማርኛ መምህራን ሆነው ከተቀጠሩት መካከል ብዙዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጡ ነበሩ፤ እነርሱ ራሳቸው ቅኔያቸውን በዛፍ ሥር ሲያፈርሱና ሲሠሩ አድገው ሳለ፣ የተማሪውን ድርሰት ቤታቸው ወስደው ለብቻቸው ያርሙት ነበር። ሕፃኑም ደብተሩ ሲመለስለት ነጥቡን አይቶ ይዘጋዋል። ከፊቱ የተደረደረውን የተማሪ ብዛት ላየ ሰው መምህሩን መንቀፍ አይቻልም፤ ሁሉን አንድ በአንድ አቁሞ ለመስማት የሚበቃ ሰዓት አልነበረውምና።

የቅኔ ተማሪው ስሕተት ግን ደብተር አልነበረውም። ሊቃውንት ሰብስበው ያቆዩልን የተቃናውን ቅኔ ብቻ ነው፤ «ንግሥት መጽአ» ብሎ ጀምሮ እስከ ማታ የደከመው ልጅ የጣላቸው ቤቶች በዚያው በዛፉ ሥር ቀርተዋል።