የሠራተኛ ሰፈር ልጆችና የእድሩ መዝገብ

አዲስ አበባ በተቈረቈረችባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ከሰፈሮቿ ከፊሎቹ ጭፍሮቻቸውን ይዘው በሰፈሩት መኳንንት ስም፣ እንደ ራስ ብሩና እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሌሎቹ ከየአገሩ በመጣው ሕዝብ ስም፣ እንደ ጎፋና እንደ መንዝ ሰፈር ሲጠሩ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ የተመሠረተው ሠራተኛ ሰፈር ግን ስሙን ያገኘው ከጌታም ከነገድም ሳይሆን ከሥራ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የእጅ ባለሙያዎች፣ አንጥረኛውና አናጺው፣ ግንበኛውና ፋቂው፣ በመዶሻቸውና በመጋዛቸው ያቀኑት መንደር ነው። እኔም ከጣልያን ወረራ በኋላ በዚሁ ሰፈር ያደግሁ ልጅ ነኝና ስለ እርሱ የምጽፈው ከፊሉ ታሪክ፣ ከፊሉ ትዝታ ነው።

ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘበት ዕለት ጀምሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ቀን በ1933 ዓ.ም. ተመልሰው እስከ ገቡ ድረስ ያለፈው አምስት ዓመት፣ በየጦር ግንባሩና በየአርበኛው ስም ተጽፎ ይገኛል፤ በድኻው መንደር ያለፈው ግን አብዛኛው ሳይጻፍ ቀርቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን በዘለቀው ፍጅት፣ ጎጆው በላዩ ላይ የተቃጠለበት፣ በዶማና በአካፋ ተቀጥቅጦ የሞተው፣ ይበልጡን ከነገሩ ምንም የማያውቅ ምስኪን ነበር፤ ሬሳውም ፍትሐት ሳይደረስለት፣ ዘመድ ሳያለቅስለት፣ በጅምላ ተጣለ። ወደ ደናኔና ወደ ኖኩራ እስር ቤቶች ተግዘው በዚያው የቀሩትም ብዙዎች ናቸው። እኛ ነፍስ ባወቅንበት በ1940ዎቹ ዓመታት፣ የካቲት 12 በመጣ ቁጥር፣ መንግሥት በስድስት ኪሎ በሰማዕታቱ ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲያኖር፣ በኛ ግቢ ውስጥ የሚሰማው ልቅሶ ሌላ ዓይነት ነበር። እትዬ የምንላቸው ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ የሚያነሡት ነገር፣ ባላቸው መሞቱን ሳይሆን የተቀበረበትን አለማወቃቸውን ነበር። ሕፃናት ነበርንና፣ ከሞት የሚከፋ ነገር መኖሩን ያወቅነው በዚያ ልቅሶ ነው።

በአዲስ አበባ እድር በወረራው ዘመንና ከነጻነት በኋላ እንዲያ የተስፋፋበትን ምክንያት የመረመሩ ሊቃውንት፣ ከየገጠሩ ወደ ከተማ የፈለሰው ሕዝብ ዘመድ አልባ ሆኖ ስለ ተቸገረ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ሰፈራችን በእነዚያ ዓመታት ከጎጃምም ከጉራጌም፣ ከወሎም ከሰላሌም የቀን ሥራ ፍለጋ በመጡ ሰዎች ተሞልቶ ነበርና፣ አንዱ ቢሞት ቃሬዛውን የሚያነሣ የሥጋ ወንድም አልነበረውም። እኔ ግን የእድርን ነገር ከዚያ ካልተፈታው ሐዘን ለይቼ ማየት አይሆንልኝም። ሙታኑን መቅበር የተከለከለ ሕዝብ፣ ነጻነቱን ባገኘ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ያቆመው ሕግ፣ ዳግመኛ ማንም ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር የሚያስገድድ ሕግ ነበር። ዳኛና ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ጥሩምባ ነፊ ተሾሙለት፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩና ቃሬዛው በአንድ ዕቃ ቤት ተቀመጠለት፤ ከቀብር የቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ፣ ሰበብ ከሌለው ይቀጣል። ፍቅረ ቢጽ በቤተ ክርስቲያን ሲሰበክ ሰምተናል፤ በመቀጫ ሲጠበቅ ያየነው ግን በእድር ነው።

የወር መዋጮውን ይዤ የምሄድ እኔ ነበርሁ። የኢትዮጵያ ብር በ1937 ዓ.ም. ወጥቶ የምሥራቅ አፍሪካውን ሽልንግ ከገበያ ካስወጣ በኋላ፣ እኛ ስሙኒ የምንለው የመዳቡ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ሆኖ ነበር የተሠራው፤ አታላዮች ግን ብር እየቀቡ የብሩን ሃምሳ ሳንቲም፣ ሽልንግ የምንለውን፣ እያስመሰሉ ስላስቸገሩ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እየተከረከመ ወጣ። እናቴ ግን ከዚያም በኋላ ሽልንጉን በአውራ ጣቷ ሳትዳስስ፣ በድንጋይ ላይ ጥላ ድምፁን ሳትሰማ አታምነውም ነበር። ከዚያ በነጠላዋ ቁራጭ ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ እኔም ቋጠሮውን ጨብጬ፣ በቦኖው ዙሪያ እንስራና የላምባ ቆርቆሮ ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁትን ሴቶች አልፌ፣ ጸሐፊው ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር ወደሚቀመጡበት ጠረጴዛ እደርሳለሁ። በአንድ ጫፉ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ የሆነ እርሳስ ነበራቸው፤ የከፈለ በሰማያዊው፣ የቀረ በቀዩ ይመዘገባል።

«እናትህ ባለፈው ቀብር ላይ አልታየችም፤ ደኅና ናት?»

«አሟት ነበር፣ ጋሼ።»

ቀዩን እርሳስ ገልብጠው በሰማያዊው ሲጽፉ የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አስታውሳለሁ። እማኝ አልጠየቁም፤ በማግሥቱ ግን ባለቤታቸው በሰሐን ዳቦ ይዘው ሊጠይቁን መጡ።

ይህ ሥርዓት ለአዋቂ ብቻ የቆመ አልነበረም። ማለዳ ጥሩምባው ሲነፋ፣ ከየቤቱ የምንነቃ ልጆች ያረፈው ማን እንደ ሆነ፣ ቀብሩም በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ሰምተን ለእናቶቻችን የምናደርስ እኛ ነበርን፤ ወንበር እንሸከማለን፣ ንፍሮ እናዞራለን፣ እጅ እናስታጥባለን። ከየኔታ ዘንድ በስንጥር እየጠቆምን ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ ብለን፣ ከመልእክተ ዮሐንስ እስከ ዳዊት የተማርነው ንባብ ነው፤ የሰው ቤት አገባብንና የሐዘንተኛ ፊት አያያዝን ግን ከድንኳኑ ውስጥ ተማርን። ከጥፋት የተገኘ ልጅ በማንኛዋም እናት ይገሠጽ ነበር፤ ወላጁም ስለ ምን ነካሽብኝ አይልም። በዚያ አለንጋ የተማረረ እንደ ነበረ አልክድም፤ እኔ ግን ከኔ ዘመን በኋላ በግንብ አጥር ውስጥ ለብቻቸው ያደጉትን ልጆች ስመለከት፣ ሊታዘን የሚገባው ለነርሱ እንጂ ለኛ እንዳልነበረ ይሰማኛል።

ጨዋታችንም ከጦርነቱ ፍርስራሽ የተገኘ ነበር። ጣልያን ትቶት ከሄደው ትሬንታ ኳትሮ ካሚዮን ያባቶቻችን እጅ ያላዋለው ነገር የለም፤ ከሞላው ቢላዋና መጥረቢያ ይቀጠቀጣል፣ ከጎማው በረባሶ ይቈረጣል፤ ለኛም የሰርዲን ቆርቆሮና የበርሜል ቀለበት ይተርፈናል፤ ከዚያም መኪናና መንኰራኵር እንሠራለን። በቡሄ ጅራፍ እንገምዳለን፣ በመስቀል ችቦ እናስራለን፤ ገንዘብ ያለው ብይ፣ የሌለው ጠጠር ይጫወታል። አንጥረኞቹ ወናፋቸውን ሲያስነፉን የምናገኘው ፍራንክ አልነበረም፤ የጋለው ብረት ከቀይ ወደ ነጭ ሲለወጥ መቼ መመታት እንዳለበት ለይቶ ማወቅን ነበር። ብዙዎቹ ጓደኞቼ በኋላ በየጋራዡና በየፋብሪካው ሊቀ ሠራተኛ የሆኑት በዚያ ወናፍ አጠገብ ባገኙት ዕውቀት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የኪራይ ቤቶቹ የቀበሌ ሆኑ፤ ግቢዎቹም ቀስ በቀስ እየጠበቡና እየጐሰቈሉ ሄዱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ዙሪያ የነበሩት እንደ ዶሮ ማነቂያና እንደ እሪ በከንቱ ያሉት የዱሮ መንደሮች ለልማት ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። የጭቃ ቤት ዘላለም አይኖርም፤ በቤቱ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ያደግሁ ሰው ለድኻ የተሻለ ቤት ሲሠራ አላዝንም። ነገር ግን ሕዝቡ ሲበተን እድሩ ይፈርሳል፣ ድንኳኑና ድስቱ ይካፈላል፣ መዝገቡ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ገባ፣ ማንን እንደ ቀበረ፣ መቼም እንደ ተቀበረ የተጻፈለት ሰው፣ በሌላ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ስሙ የሌለ ሰው ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የብራና መጻሕፍትንና የመኳንንት ደብዳቤን ሰብስቦ ጠብቆልናል፤ የአራዳና የአካባቢዋ እድሮች ጸሐፊዎችና ልጆቻቸው በየሣጥናቸው የቀረውን ደብተር ወደዚያው እንዲያደርሱ፣ ቤተ መዛግብቱም የድኻ መዝገብ ነው ሳይል ተቀብሎ ከንጉሥ ደብዳቤ አጠገብ እንዲያኖረው፣ በሕይወት ያለነው የሰፈሩ ልጆች በግልጽ መጠየቅ ይገባናል፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ እጠይቃለሁ።