የድረ ገጽ ተደራሽነት በዴንቨርና በአውሮራ

የድረ ገጽ ተደራሽነት ማለት ማየት ወይም መስማት የማይችል፣ አለዚያም እጁን እንደልቡ ማንቀሳቀስ የሚያዳግተው ሰው እንደማንኛውም ተጠቃሚ ገጹን አንብቦ፣ ቅጹን ሞልቶ፣ ክፍያውን ፈጽሞ እንዲወጣ አድርጎ መሥራት ነው። በኮሎራዶ ይህን በግልጽ ግዴታ ያደረገው ኤች ቢ 21-1110 የተባለው ሕግ ሲሆን፣ ገዥው ጃሬድ ፖሊስ የፈረሙት እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2021 ነው። ረቂቁን ካቀረቡት አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱት የያኔው የምክር ቤት አባል ዴቪድ ኦርቲዝ ናቸው።

ዴንቨር በዚህ ትግል ቀድማ የተነሳች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1978፣ 19 አካል ጉዳተኞች በኮልፋክስና በብሮድዌይ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ አውቶቡሶችን አገዱ፤ ጥያቄያቸው ተሽከርካሪ ወንበር የሚያነሳ ሊፍት ይገጠምልን የሚል ነበር። የፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ የወጣው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ፣ በ1990 ነው። ዛሬ ቀጠሮውም ማመልከቻውም በድረ ገጽ ስለሆነ የተደራሽነቱ ጥያቄ ከአውቶቡስ ወደ ድረ ገጽ ዞሯል።

የኮሎራዶው ሕግ የግዛቱን መሥሪያ ቤቶች፣ ከተሞችንና የትምህርት ቤት አስተዳደሮችን ይመለከታል። የጊዜ ገደቡ ጁላይ 1 ቀን 2024 ነበር፤ በቅን ልቦና እየሠሩ መሆናቸውን ላሳዩ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። ጥሰት ሲረጋገጥ ፍርድ ቤት ለከሳሹ 3,500 ዶላር እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል።

መለኪያው የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር፣ የደብሊው3ሲ፣ መመሪያ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ኮሎራዶ መነሻ ያደረገችው 2.1 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ከዝርዝሩ ብዙው የድረ ገጽ መሥሪያ ኮዱን፣ ኤችቲኤምኤልን፣ በአግባቡ በመጻፍ ብቻ ይሟላል። ለምሳሌ «ላክ» የሚለው ቁልፍ በእውነተኛው የአዝራር መለያ ከተጻፈ፣ የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር፣ «አዝራር» ብሎ ያሳውቃል፤ ማውዝ የማይጠቀም ሰውም በታብ ደርሶበት በኢንተር ይጫነዋል። ቁልፍ የሚመስል ሥዕል ብቻ ከሆነ ግን ታብ ዘሎት ያልፋል፤ ዓይነ ስውሩ አመልካች ቅጹን ሞልቶ ጨርሶ መላኪያ ያጣል። የመደበኛ መጠን ጽሑፍና የጀርባው ቀለም ንጽጽር ከ4.5 ለ 1 እንዳያንስም ታዟል።

አማርኛ በዴንቨርም በአውሮራም ትምህርት ቤቶች ብዙ ተናጋሪ ካላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ትልቁ እንቅፋት የተተረጎመ ማስታወቂያ በፎቶ ወይም በስካን መለጠፉ ነው። ዓይን ላለው ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለስክሪን ሪደሩ ግን ሥዕል ነውና የሚነበብ ቃል የለውም። ትርጉሙ ተከፍሎበት ሳለ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ሳያገኘው መቅረቱ ያሳዝናል። ሁለተኛው እንቅፋት የቋንቋ መለያ አለመኖሩ ነው፤ መመሪያው ገጹም ሆነ በገጹ ውስጥ ያለ የሌላ ቋንቋ ክፍል መለያ እንዲኖረው ይጠይቃል። «ይህ አማርኛ ነው» የሚለው ኮድ ከሌለ የእንግሊዝኛው ድምፅ ፊደሉን ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ኮዱ ካለና አማርኛ የሚችል ድምፅ ከተጫነ ግን ያነበዋል፤ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አንዱ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት አሮጌ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ በስክሪን አማርኛ ቢመስልም ከሥሩ የላቲን ምልክት ስለሆነ ሲነበብ ትርጉም የለሽ ድምፅ ይወጣል። ለመፈተሽ አንድ አረፍተ ነገር ገልብጦ ስልክ ላይ በመልእክት መጻፊያ መለጠፍ ይበቃል፤ ፊደሉ በላቲን ምልክት ከተተካ ሰነዱ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ አለበት።