የፒፋስ ብክለት

ፒፋስ በካርቦንና በፍሎሪን አተሞች ጥብቅ ትስስር የተሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች የጋራ መጠሪያ ነው። ውሃን፣ ዘይትንና ሙቀትን ስለሚቋቋሙ ምግብ የማይይዝ መጥበሻ፣ ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ የምግብ መጠቅለያ ወረቀትና የእሳት ማጥፊያ አረፋ ለመሥራት ሲያገለግሉ ቆይተዋል። ተፈላጊ ያደረጋቸው ይኸው ጥንካሬ የጉዳታቸውም ምንጭ ነው። በተፈጥሮ በቀላሉ ስለማይፈርሱ በአፈርና በውሃ ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቆያሉ፤ በሰው ደም ውስጥም ተገኝተዋል። ስለዚህ «ዘላለማዊ ኬሚካሎች» ተብለው ይጠራሉ።

የቁጥጥር ታሪክ

በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስሪኤም ኩባንያ ፒኤፍኦኤስ የተባለውን ዓይነት ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባቀረበው ፕሮግራም 8 ኩባንያዎች ፒኤፍኦኤ የተባለውን ሌላ ዓይነት እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል ገቡ። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ፒኤፍኦኤስን በ2009፣ ፒኤፍኦኤን ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በቁጥጥር ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል።

የመተካት ችግር

አንዱን ፒፋስ በሌላ ፒፋስ መተካት ብክለቱን ላያስቀር ይችላል። ፒኤፍኦኤን እንዲተካ የቀረበው ጄንኤክስ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በኬፕ ፊር ወንዝና ከወንዙ በሚቀዳ የመጠጥ ውሃ ውስጥ መገኘቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታውቋል።

ድርጅቶች የሚወስዷቸው እርምጃዎች

* መለየት፦ ፒፋስ ሳይታወቅ ከጥሬ ዕቃ ጋር ሊገባ ስለሚችል፣ አቅራቢዎች የዕቃቸውን ይዘት በጽሑፍ እንዲገልጹ ይጠየቃሉ። በላቦራቶሪ የሚደረግ የጠቅላላ ፍሎሪን ምርመራ የአቅራቢዎቹን መልስ ለማመሳከር ይረዳል።
* ማስቀረት፦ ኬሚካሉ ለምርቱ የግድ አስፈላጊ መሆኑ ይመረመራል። ለምሳሌ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ያለ ፒፋስ መሥራት ይቻላል፤ በአንዳንድ የሕክምና መሣሪያዎች ግን ምትክ ማግኘት ይከብዳል።
* ማጣራት፦ ፍሳሹ ከሌላ ውሃ ጋር ሳይቀላቀል በተዘጋጀ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን)፣ በአዮን መለዋወጫ ሬዚን ወይም በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ ስስ ማጣሪያ ይጣራል።

ማጣሪያዎቹ ኬሚካሉን ይይዙታል እንጂ አያጠፉትም። ያገለገለው ከሰል በየሜዳው ከተጣለ ብክለቱ ቦታ ለወጠ ማለት ነው። አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. ለፒኤፍኦኤና ለፒኤፍኦኤስ ያወጣችው የመጠጥ ውሃ ገደብ በሊትር 4 ናኖግራም ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ የተበከለን የውሃ ምንጭ ወደዚህ መጠን መመለስ አዳጋችና ውድ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ኬሚካሉን ገና ከመነሻው ወደ ፋብሪካው አለማስገባት ነው።