ከአልጋ የመነሣት ታሪክ

«ሲስተር፣ ቁስሏ ሳይደርቅ እንዴት ትነሣለች?»

በማህፀን ሕክምና ክፍል በነርስነት በሠራሁባቸው 31 ዓመታት ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። የምትጠይቀኝ አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚዋ ናት፤ በአንድ እጇ የአጥሚት ፔርሙስ፣ በሌላው ጋቢ ይዛ። ማህፀኗ የወጣላትን ሴት ቤተሰቧ የሚይዛት እንደ አራስ ነው። መስኮቱ ይዘጋል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ የምትጠጣው ውሃ እንኳ እተኛችበት ይመጣላታል። ይህን ፍቅር አልንቀውም። አክስቴን እቴቴን ያጣናት ግን እንዲሁ ስንወዳት ነው።

እቴቴ ያለባትን ማዮማ፣ የማህፀን ዕጢ፣ ለማስወጣት ስትገባ 44 ዓመቷ ነበር፤ እኔ የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነበርኩ። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ቤት ከገባች በኋላ ሽንት ቤት ለመሄድ ካልሆነ በቀር ከአልጋ አላስወረድናትም። በዘጠነኛው ቀን «ግራ ባቴን ይቆረጥመኛል» አለች። እግሯ አብጦ ይሞቅ ነበር። እናቴ ብርድ ነው ብላ ቅቤ አቅልጣ አሸችላት፤ እግሯን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። በ11ኛው ቀን ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስትነሣ ደረቷን ያዘች፣ «ትንፋሽ አጠረኝ» አለች፤ መኪና እስኪገኝ አልቆየችም። ለቀስተኛው ምች ነው አለ። ባቷ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ እንደነበር የገባኝ ትምህርቴን ስቀጥል ነው። ከዚያ ወዲህ ማህፀን የማውጣትን ሕክምና ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚፈልገው ከቢላው ይልቅ ከቢላው በኋላ ያሉትን ቀናት ነው።

በጥንቱ ዘመን እነዚያ ቀናት ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1813 ጀርመናዊው ኮንራድ ላንገንቤክ የአንዲትን ሴት ማህፀን በታች በኩል አወጣ። ሴትየዋ ድና 26 ዓመት ኖረች፤ የሙያ ባልደረቦቹ ግን ያመኑት ሞታ አስከሬኗ ሲመረመር ነው። በ1843 በማንቸስተር ቻርልስ ክሌይ ሆድ ከፍቶ ማህፀን አወጣ። ማደንዘዣ ገና አልነበረም፤ ታካሚዋ ደም ፈሷት ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሴት ቀዶ ጥገናውን አልፋ ሁለት ሳምንት ቆየች። በ15ኛው ቀን የሞተችው፣ እንደሚተረከው፣ አንሶላዋ ሲለወጥ ተሸካሚዎቹ ወለል ላይ ጥለዋት ነው። ያን ሁሉ ሕመም ችላ ከቢላ ተርፋ በአስታማሚ እጅ መሞቷን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

አሜሪካ ውስጥ በሎውል ከተማ ዋልተር በርንሃም በ1853 በሆድ በኩል አውጥቶ ታካሚዋ የዳነችለት የመጀመሪያው ሐኪም ሆነ። ከዚያ በኋላ ከሠራላቸው 15 ሴቶች የተረፉት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። የቀሩትን የወሰዳቸው በዋናነት መድማትና መመርቀዝ ነው። ጆሴፍ ሊስተር በ1867 ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከተህዋስያን ስለመጠበቅ ከጻፈ በኋላ፣ ቀስ በቀስም የደም ሥር አስተሳሰሩ ሲሻሻል፣ ሴቶች በሕይወት ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ቀድሞ ጎልቶ የማይታየው ሌላው ገዳይ ፊት ለፊት መጣ። የዘመኑ ሐኪሞች ሆዷ የተከፈተን ሴት ሁለት፣ ሦስት ሳምንት በጀርባዋ አስተኝተው ያቆዩ ነበር። ስፌቱ እንዳይተረተር ብለው ነው፤ ልክ እንደ እኛ እናቶች። የተኛ እግር ግን ደሙን ወደ ላይ አይገፋም። ስንራመድ የባት ሥጋ ደም መላሹን ሥር እየጨመቀ ደሙን ወደ ልብ ይልከዋል፤ ሳይጨመቅ ሲቀር ደሙ ይቆማል፣ የቆመ ደም ይረጋል። በእግር የረጋ ደም ተገንጥሎ ሳንባን እንደሚዘጋ ሩዶልፍ ፊርኾ በርሊን ውስጥ ያስረዳው ገና በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነበር።

የቺካጎው የማህፀን ሐኪም ኤሚል ሪስ በ1899 ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሴቶች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከአልጋ እንደሚያስነሣ ጽፎ አሳተመ። የሰማው ጥቂት ነው። ልማዱ በብዛት የተሰበረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ አልጋና ነርስ ሲጠፋ ነው፤ ቶሎ የተነሡት ሕመምተኞች ስፌታቸው አልተፈታም፣ እንዲያውም ፈጥነው አገገሙ። የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ አሸር በ1947 ስለ አልጋ አደገኝነት የጻፈው አጭር ጽሑፍ በየነርስ ማሠልጠኛው ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። በ1975 ደግሞ ከ4 ሺህ በላይ የቀዶ ጥገና ሕመምተኞች የተካተቱበት ጥናት ወጣ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን በጥቂቱ ከቆዳ ሥር ከተወጉት መካከል በሳንባ የደም መርጋት የሞቱት ሁለት፣ ካልተወጉት 16 ነበሩ። ለእቴቴ ያላደረግነው ሁሉ እርሷ ከመታመሟ በፊት ታውቆ ነበር።

የረጋ ደም ብቻ አይደለም የምንጠብቀው። ከኩላሊት የሚወርደው የሽንት ቱቦ ከማህፀን አንገት አጠገብ ያልፋል፤ ፊኛም ከፊቱ ተጣብቃለች። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኋላ ሆስፒታል ያቋቋሙት ምጥ ጸንቶባቸው ፊስቱላ፣ ሽንት ሳይቋረጥ የሚፈስበት ቀዳዳ፣ ለያዛቸው ሴቶች ነው፤ ነገር ግን ማህፀን ሲወጣ ፊኛ ወይም ቱቦ ቢቆረጥ ወይም ቢታሰርም ያው መከራ ይመጣል። ሽንቱ መንጠባጠብ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ሴትየዋ ቤቷ ከገባች በኋላ ስለሆነ «ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለ ነው» ብላ አፍራ ትደብቀዋለች። ስለዚህ ሴት ስትወጣ አስታማሚዋንም አስቀምጬ እነግራለሁ፦ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ፓድ በላይ በላይ የሚያርስ ደም፣ የማያቋርጥ ሽንት፣ ያበጠ አንድ እግር፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን አምጧት። ያበጠ ባት አይታሽም።

ባለፈው ማክሰኞ ከገጠር የመጡ እናት በሁለተኛው ቀናቸው አልነሣም አሉኝ። «እማማ፣ በጎንዎ ይዙሩ። ትራሱን ሆድዎ ላይ ይዘው በክርንዎ ይደገፉ» አልኳቸው። ልጃቸው ልትከራከረኝ ብድግ ስትል የእቴቴን ነገር ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ ሌላውን ክንዳቸውን ያዘች። እስከ መስኮቱ 14 እርምጃ ነው፤ ሁለቴ ቆመው አረፉ። ሲመለሱ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ባታቸውን ዳሰስኩ። ሁለቱም ልስልስ፣ ሁለቱም እኩል ነበሩ።